ለጋሼ ኤክስ አይሰጥም

በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ክፉዋ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። በየማለዳው አንድ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እለጥፋለሁ፤ አባላቱ ከሥሩ መልሳቸውን ይጽፋሉ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ ራይት ወይም ኤክስ እሰጣለሁ። ሰው ሁሉ ራይት ሲያገኝ ጎበዝ እሱ ነው፣ ኤክስ ሲያገኝ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥያቄው ግልጽ አልነበረም፣ ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው፣ መልሱ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ምኑ ቅጡ።

የጀመርኩት በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ምክንያት ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ላፍቶ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ርቀቱ ምንም አይደለም፣ ሰልፉ ነው እንጂ። ጠዋት ጠዋት ከፊቴ የቆመውን ሰው ጀርባ ከማይ ብዬ፣ ከመጻሕፍት የለቀምኳቸውን ጥያቄዎች ለጓደኞቼ መላክ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ጓደኞቻቸውን ጨመሩ፣ እነሱም ዘመዶቻቸውን ጨመሩ፣ አሁን አብዛኛውን ሰው በመልክ አላውቀውም። አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ የማያውቀውን ሁሉ ከኢንተርኔት ገልብጦ ከነነጠላ ሰረዙ የሚለጥፍ። ጀሞ ልብስ ቤት ያላት ሴት አለች፤ ባለቡቲኳ እንላታለን። ሱቋን ሳትከፍት ጥያቄዬን ትከፍታለች፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ መላሽ እሷ ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሼ አሉ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ላፍቶ እርሻ በነበረበት ዘመን መሬቱን ሲለኩ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እኔ ከታክሲ የምወርድበት ቦታ ላይ ባቄላ ይዘራ እንደነበር ነግረውኛል። ቤታቸው መካኒሳ አቦ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ረፋዱ ላይ፣ መልሳቸውን ይጽፋሉ። አንድ ቃል ብቻ፣ ከኋላው አራት ነጥብ። ሌላው ሰው አበባና ልብ ሲደረድር የእሳቸው መልስ እንደ ቤት ቁጥር ቁጭ ይላል። ስለማያወሩ ነው መሰለኝ ሁሉም ይወዳቸዋል። በዓል ሲመጣ ግሩፑ መጀመሪያ "እንኳን አደረስዎ" የሚለው ለእሳቸው ነው፤ ጥያቄውን የምለጥፈው እኔን ግን ማንም አያስታውሰኝም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን "ከአፍሪካ በቆዳ ስፋት ትልቋ አገር ማን ናት?" ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ "ሱዳን።" ብለው ጻፉ። ኤክስ ሰጠኋቸው። በማግስቱ የምሠራበትን አጠያይቀው፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ፤ በእጃቸው የተሸፈነ አትላስ በፌስታል ይዘዋል።

"አንቺ ነሽ ኤክስ የምትሰጪው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

አትላሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። አሮጌ ነው፤ ሱዳን ሙሉዋን ተኝታለች። እኔም ከመደርደሪያው አዲሱን አውጥቼ ጎኑ ዘረጋሁት፤ ሱዳን ለሁለት ተከፍላለች፣ ትልቋ አልጄሪያ ሆናለች። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሁለቱን ካርታዎች ደጋግመው አዩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ምላሴን እየሳልኩ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

"ያረጀው አትላሴ ነዋ" አሉ። "እኔማ ጭንቅላቴ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ።"

ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ስኳሩ ዓይናቸውን ስላደከመው መርፌው ላይ ያለውን መስመር ማየት አይችሉም። ስለዚህ የሚቀዱትም የሚወጉትም ጋሼ ናቸው። ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት የምትኖረው ልጃቸው "እኔ ልያዘው፣ አባዬ" ስትል ቆይታለች፤ እሳቸው በጄ አላሉም።

"ታላቅ ወንድሜ የመርሳት በሽታ ይዞት ነው የሞተው" አሉኝ። "ሰው ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ ሳያውቅ። የልጁን ስም ሲሳሳት እኛ ዝም፣ መንገድ ሲጠፋበት እኛ ዝም። እንዳይከፋው ብለን። እኔም መድረሴ አይቀር ይሆናል። ግን አንድ ቀን መውጋቴን ረስቼ ደግሜ ብወጋት እኮ ስኳሯ ወርዶ በተኛችበት ትቀራለች። ስለዚህ የማያዝንልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ያ ሰው እኔ ነኝ?"

"አንቺ አታውቂኝም። ኤክስሽን እንደ ልብሽ ስጪኝ። ሳምንት ሙሉ ከሳትኩ መርፌውን ለልጄ አስረክባለሁ።"

ጥያቄ ሐኪም አይደለም፣ ሄደው ይታዩ አልኳቸው። ሐኪሙ ለእኔ ከመንገሩ በፊት ለልጄ ይነግራታል፣ ከዚያ እኔ ሳልወስን ተወሰነ ማለት ነው አሉ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፣ ማልኩ። ለመማል መቸኮሌ አሁንም ያናድደኛል፤ ግን እንደዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሲለምኑኝ እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው የጋሼን መልስ ሆነ። ራይት ሲሆን እፎይ እላለሁ። ኤክስ ሲሆን፣ እሱም አልፎ አልፎ ነው፣ ሁሉም የሳተው ከባድ ጥያቄ መሆኑን አይቼ ልቤ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ሄደ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል "የዓባይ ውኃ በመጨረሻ የሚገባው የትኛው ባሕር ውስጥ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ሰው ደስ እንዲለው ቀላል እጠይቃለሁ። ጋሼ "ቀይ ባሕር።" ብለው ጻፉ። ካርታ ሲያነብ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው።

የባሰው ከሥር የመጣው ነው። የባንኩ ሠራተኛ ቀደም ሲል "ሜዲትራኒያን" ብሎ ጽፎ ነበር፤ የጋሼን ሲያይ የራሱን አጥፍቶ "ቀይ ባሕር" አለ። አንዷ "ጋሼ ጥያቄውን ጠለቅ አድርገው አይተውት ነው" አለች። ሌላው "በጥንት ጊዜ ወደዚያ ይፈስ ነበር የሚል አንብቤያለሁ" ብሎ ቁጭ። የት እንዳነበበው እሱና ፈጣሪው ይወቁ። ይሉኝታ ማለት ይኼ ነው፤ አንድ ሽማግሌ እንዳያፍሩ ተብሎ ወንዝ አቅጣጫ ይቀየራል።

ለሁሉም ኤክስ ሰጠሁ። ለጋሼም ሰጠሁ። ሳይነጋ ስልኬ በመልእክት ሞላ። "ለአባት ኤክስ ይሰጣል እንዴ?" "አሳዳጊ የለሽም?" "ቢያንስ የእሳቸውን ዝለይው።" ባለቡቲኳማ ለሁሉም እንዲታይ "ከዛሬ ጀምሮ ለጋሼ ኤክስ አይሰጥም" ብላ ጻፈች፤ የአውራ ጣት መዓት ተደረደረላት። እኔ ምን ልበል? ምክንያቱን እንዳልናገር ምያለሁ። "ኤክስ ለሁሉም እኩል ነው" ብዬ ዘጋሁት። የተወሰኑት ተቀይመው ወጡ። ይውጡ።

ጋሼ በማግስቱም ሳቱ፣ ከዚያም ቀጥሎ ሳቱ። እኔም ኤክስ ሰጠሁ። ሳምንቱ ሳይሞላ ግን መልሳቸው ተስተካከለ። ራይት፣ ደግሞ ራይት፣ ሰው ሁሉ የሳተውን ጭምር ራይት። አንድ ቀን ራሳቸው ደወሉልኝ።

"ድካም ነበር፣ ልጄ። አለፈ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር።

እኔም ስልኩን ዘግቼ ሰው በሞላበት ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ረዳቱ "እህት፣ ሎተሪ ደረሰሽ?" ብሎ ሲቀልድብኝ እንኳ አልመለስኩለትም። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳልመልስ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ ጥቅምትን አልተሻገረም። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሆኜ "ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ የትኛው ነው?" የሚል ጥያቄ ለጠፍኩ። ወዲያው ከዚህ በፊት የጠየቅኩት መሆኑ ትዝ አለኝና አጠፋሁት። በምትኩ "በአፍሪካ ብዙ ሕዝብ ያላት አገር የትኛዋ ናት?" ብዬ ተካሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከመጥፋቱ በፊት፣ ስልኬ እንዳሳየኝ፣ ያየችው ባለቡቲኳ ብቻ ነበረች። ረፋዱ ላይ፣ በናይጄሪያዎች መሃል፣ የጋሼ መልስ መጣ።

"ጁፒተር።"

ከሥሩ አንዱ "ጋሼ ዛሬ ቀልድ ላይ ናቸው" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ልጆች መጽሐፍ እየመለሱልኝ ነበር፤ እንዴት እንደተቀበልኳቸው አላውቅም። ጋሼ ጥያቄ በምለጥፍበት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ የጠፋውን ጥያቄ ሊያዩት አይችሉም። መልሱን የሰጣቸው ሰው አለ ማለት ነው።

ለባለቡቲኳ ደወልኩ። አልካደችም፤ እንዲያውም ምን እንዳናደደኝ አልገባትም።

"ጠዋት ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደውዬ እንዴት አደሩ እላቸዋለሁ" አለችኝ። "አያይዤ የዛሬው ጥያቄ እንዲህ ይላል፣ እኔ መልሱ እንዲህ ይመስለኛል፣ እርስዎስ እላለሁ። 'ልክ ነሽ' ይሉኛል። የተነገራቸው እንዳይመስላቸው አዋዝቼ ነው። ዛሬማ ጥያቄውን መቀየርሽን ሳላይ ደወልኩ። ምን አጠፋሁ? አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ዋሉ።"

"ማን ደስ አሰኚያቸው አለሽ?"

"አባቴ ቢሆኑስ? አንቺ ግን ልብ የሚባል ነገር የለሽም?"

ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። በአንቺ ቸርነት ምክንያት ሁለቴ ልትወጋ የምትችል ሴትዮ አለች ልላት ነበር። መሐላው ያዘኝ፤ ሁለተኛ እንዳትደውዪላቸው ብዬ ብቻ ጮህኩባት። አለቀሰች። ክፉ ሴት እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ እንዲያውም ከሁላችንም የምትሻለው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ከሥራ ስወጣ ወደ ጀሞ በመሄድ ፈንታ የመካኒሳን ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን በሙሉ የምላቸውን ነገር ሳዘጋጅ መጥቼ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብዬ ስወርድ ሁሉም ጠፋብኝ። ቤቱን የሰፈሩን ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ባለቤታቸው በረንዳ ላይ፣ የመጨረሻዋን ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ኮቴዬን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

"ማነሽ?"

"የጥያቄዋ ሴት ነኝ፣ እትዬ።"

"ኤክስ የምትሰጪው? ነይ ተቀመጪ። ድምፅሽ ግን እንደዚያ ክፉ አይደለም።"

ጋሼ ከውስጥ እኔ መሆኔን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ብቅ አሉና ሻይ ሊያፈሉ ተመልሰው ገቡ። እትዬ የብርጭቆ ኳኳታ እስኪሰማ ጠበቁና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ስለሱ ነው የመጣሽው፣ አይደል?"

መልሴን አልጠበቁም።

"ዛሬ ጠዋት ወጋኝ። ቁርስ ቀርቦ ሳለ መርፌውን እንደገና ቀድቶ ይዞ መጣ። 'ወግተኸኛል እኮ' ስለው 'ስቀልድ ነው' አለኝ። የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም።"

"ለልጅዎ ነገሯት?"

"አልነገርኳትም።"

"እትዬ፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶዎት እያለ ቢደግምዎትስ?"

"እሱንማ አስቤዋለሁ" አሉ፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ። "ግን መርፌውን ከወሰድኩበት ጠዋት ለምን ብሎ ይነሳል?"

ሴትዮዋ ባላቸው እንዳይከፋቸው ብለው ነፍሳቸውን አስይዘው ተቀምጠዋል። ተቆጣሁ። በማን እንደተቆጣሁ ግን ቢጠይቁኝ ልናገር አልችልም።

ጋሼ ሻዩን በትሪ ይዘው መጡ፤ ለባለቤታቸው ብርጭቆውን እጃቸው ውስጥ አስያዙና ጎናቸው ተቀመጡ። መግቢያ አላበጀሁም፤ ባበጅ ኖሮ ሻዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጁፒተር ብለው መልሰዋል።"

"አዎ።"

"ጥያቄው ምን ነበር?"

እጃቸውን ወደ ስልካቸው ሰደዱ። ቀድሜ እጄን ስልኩ ላይ አሳረፍኩት።

"ሳያዩ።"

አሰቡ። ግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ሲወጣ አየሁት።

"የትናንትናውስ ጥያቄ? ራይት ሰጥቼዎታለሁ።"

እጃቸውን ከስልኩ መለሱ። ከግቢው ውጭ አንድ ታክሲ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ጋሼ ሞኝ አልነበሩም፤ ምንም ቢረሱ ሞኝ አልሆኑም።

"የምትደውልልኝ ልጅ ናት?" አሉ ቀስ ብለው።

"ስለምትወድዎ ነው። እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹም እርስዎ ሲሳሳቱ አብረው ይሳሳታሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። እትዬ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደማያዩት ግቢ ይመለከታሉ።

"አንቺስ?" አሏቸው።

"እንግዳዋን ሻይ ጠጪ በላት እንጂ" አሉ እትዬ።

ጋሼ መልሱን አገኙት። ወንድማቸውን ያሰቡ መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ሳይሆን እፍረት ነበር፣ እሱን ለማየት አልቻልኩም፣ ጫማዬን አየሁ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ብሄድ ባልሄድ ይሻል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መሄድ ነበረብኝ እላለሁ። ቀሎኝ ግን አይደለም።

እራት ሊደርስ ስለነበር ጋሼ ተነሥተው ገቡ። ማቀዝቀዣው ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። መድኃኒቱንና መርፌውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርገው ይዘው ወጡና ወደ ጓሮ ልጃቸውን ተጣሩ። ልብስ እያጠበች ነበር መሰለኝ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። እኔን አየች፣ አባቷን አየች፣ ጨርቁ ላይ ያለውን አየች።

"ነይ፣ ላሳይሽ" አሏት።

እንዴት እንደሚቀዳ፣ መስመሩ የት ላይ መቆም እንዳለበት፣ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩዋት፤ ጣታቸው አልተንቀጠቀጠም፣ አንድም ነገር አልዘለሉም። እሷ ደግማ አሳየቻቸው። "ልክ ነው" አሏት። ልጅቷ እናቷ ፊት ተንበረከከችና ክንዳቸውን ያዘች። እትዬ ሸሸት አሉ።

"ውይ፣ ይኼ እጅ ይቀዘቅዛል።"

ጋሼ ጎንበስ አሉ። መርፌውን ከልጃቸው ተቀብለው ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን በሁለት እጃቸው ውስጥ አስገብተው ማሸት ጀመሩ፤ ትንፋሻቸውን እፍ አሉበት፣ እንደገና አሹት።

"እናትሽ ቀዝቃዛ እጅ አትወድም" አሏት። "መጀመሪያ ታሞቂዋለሽ። ሁልጊዜ።"

እጇ ሞቆ ነበር፤ እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት መሞቁ ይታየኝ ነበር። እሳቸው ግን ገና አልለቀቋትም። ልጅቷም አልሳበችውም። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ጠበቁ።

ከዚያ ለቀቋት።